«ስኒዎቹ ባልዲ መሰሉብኝ»፦ የአሻንጉሊት ቤት ዕቃን በልኩ ስለመሰብሰብ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ያገለገለ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት የአሻንጉሊት ቤት ገዛሁላት። ዕቃዎቹን ከኢንተርኔት አንድ በአንድ እየሰበሰብን ነው። ለየብቻቸው ሲታዩ ያምራሉ፣ አንድ ላይ ስናደርጋቸው ግን መጫወቻ መሆናቸው ያስታውቃል። ስኒዎቹ ባልዲ ይመስላሉ። አንዱን ክፍል ደግሞ አዲስ አበባ ያደግሁበትን ሳሎን አስመስዬ ከነቡናው ማሰናዳት እፈልጋለሁ፤ የሚሸጥ ግን አላገኘሁም። ከየት ልጀምር? ገንዘቤንስ ምን ላይ ላውል? ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ።»

ምላሽ፦

የገዟቸው ዕቃዎች ጥራት የጎደላቸው አይመስለኝም። በአንድ ክፍል ውስጥ ለተለያየ ቁመት የተሠሩ ዕቃዎች ተቀላቅለውብዎታል። በእጅ ሲያዝ የሚያምር ስኒ፣ ለእሱ ካልተሠራ ወንበር አጠገብ ሲቀመጥ ባልዲ ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ቤትዎ በየትኛው ልኬት እንደተሠራ ይወቁ።

በአሰባሳቢዎች ዘንድ ዋነኛው ልኬት 1 ለ12 ነው። በእውነተኛው ቤት አንድ ጫማ የሆነው በትንሹ ቤት አንድ ኢንች ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ የሚያንሱ 1 ለ24 እና 1 ለ48 አሉ። የስዊድኑ ሉንድቢ የሚሠራቸው ቤቶች 1 ለ18 ናቸው፤ የባርቢ ዕቃዎች ደግሞ ወደ 1 ለ6 ይጠጋሉ። የእርስዎን ለማወቅ በሩን ከወለሉ እስከ ላይኛው ጠርዝ ይለኩ። የተለመደ በር ሁለት ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ወደ 17 ሴንቲሜትር ከመጣ ቤቱ 1 ለ12 ነው፤ ወደ 11 ከሆነ 1 ለ18፣ ወደ 8 ከወረደ 1 ለ24 ነው። ከዚህ በታች የምሰጥዎት ቁጥር ሁሉ ቤቱ 1 ለ12 እንደሆነ በመገመት ነው፤ ካልሆነ ማካፈያውን ብቻ ይለውጡ።

ኢንተርኔት ላይ የሚያሳስቱት ዕቃዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። የጃፓኑ ሬ-ሜንት የሚያወጣቸው የምግብና የወጥ ቤት ዕቃዎች እጅግ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ለ1 ለ6 የሚስማሙ በመሆናቸው ለእርስዎ ቤት እጥፍ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ገበያውን ያጥለቀለቁት፣ ዙሩ የተባለው ኩባንያ የሚያወጣቸው ሚኒ ብራንድስ የተባሉ የሱቅ ሸቀጥ ቅጂዎች ደግሞ አንድ ወጥ ልኬት የላቸውም። የሚሸጡበት ክብ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ እንዲገቡ ተብሎ ስለሚያንሱ፣ በእውነተኛው ዓለም በመጠን የሚራራቁ ዕቃዎች እኩል ቁመት ሊኖራቸው ይችላል። ልጅዎ ብትጫወትባቸው ግድ የለኝም፤ እውነተኛ እንዲመስል ከምትፈልጉት ክፍል ግን ይውጡ። ሻጭ «1 ለ12» ብሎ ስለጻፈም ብቻ አይመኑ፤ ቁመቱና ስፋቱ በሚሊሜትር ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። መልስ ካልሰጠዎት አይግዙ።

አሁን ማስመሪያ ይዘው ወደ ራስዎ ወጥ ቤት ይግቡ። የሚፈልጉትን ዕቃ ለክተው ለ12 ማካፈል ነው፤ ይህን ልጅዎ ብትሠራው ደግሞ ጥሩ የሒሳብ ልምምድ ይሆንላታል። 75 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ጠረጴዛ 6 ሴንቲሜትር ከሩብ ይሆናል። 45 ሴንቲሜትር ላይ ያለ የወንበር መቀመጫ 3.75 ላይ ይወርዳል። 26 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሳህን 2 ሴንቲሜትር ከትንሽ ይሆናል። ቁመቱ 5 ሴንቲሜትር የሆነ የቡና ስኒ ደግሞ ከ4 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ባልዲ የመሰሉብዎት ስኒዎች ምናልባት አንድ ሴንቲሜትር ይሆናሉ፤ እሱ በ12 ሲባዛ የ12 ሴንቲሜትር ስኒ ነው፣ ማለትም ኩባያ።

ቁመትና ስፋት ተስተካክለው እንኳ ዕቃው መጫወቻ መስሎ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ውፍረቱ ነው። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የስኒ ከንፈር በ1 ለ12 ሩብ ሚሊሜትር፣ ማለትም የወፍራም ወረቀት ያህል ብቻ ነው። በፋብሪካ የተሠሩ ርካሽ ዕቃዎች እንዳይሰበሩ ሲባል ጠርዛቸው ይወፍራል፤ ዓይናችን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ «ይህ ውሸት ነው» የሚለውም ከጠርዙ የተነሣ ነው። ስለዚህ ሳህን፣ ትሪ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ወይም የወንበር እግር ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት ጠርዙን ይሁን። ላይኛው ሥዕል በኋላ ይታያል።

እውነተኛ ቁሳቁስም ሁልጊዜ እውነተኛ አይመስልም። የወይራ ዛፍ እንጨት ወይም የፒር ዛፍ እንጨት ቃጫው የጠበቀ ስለሆነ ለትንሽ ጠረጴዛ ያምራል፤ ኦክ ግን ቃጫው ሰፊ በመሆኑ በትንሽ ሳጥን ላይ እንደ ግንድ ይታያል። ጨርቅ ከሁሉ ያስቸግራል፤ ክሩ ሊያንስ ስለማይችል ተወጥሮ ይቆማል እንጂ አይወርድም። ለመጋረጃና ለነጠላ የሚሆነው በጣም ስስ ጥጥ ወይም ሐር ነው። በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ካስነኩት በኋላ እጥፋቱን በስፒል ይዘው ሲያደርቁት እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ የምመክርዎት አንድ ነገር አለ። ዋሽንግተን ቅርብዎ ስለሆነ በስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ያለውን የፌዝ ብራድፎርድን የአሻንጉሊት ቤት ከልጅዎ ጋር ሄደው ይዩት፤ መግቢያው በነጻ ነው፣ በሚሄዱበት ቀን ለዕይታ መቅረቡን ብቻ አስቀድመው ያጣሩ። ብራድፎርድ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ትሠራ የነበረች ሴት ናት፤ ባለ 23 ክፍሉን ቤት ለሙዚየሙ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ቤቱ ባልና ሚስት፣ አሥር ልጆች፣ አያቶችና ሠራተኞች የሚኖሩበት ሆኖ የተሰናዳ ሲሆን፣ ዘመኑም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያለው ነው። ከክፍል ክፍል ሲያዩ የሚገረሙት በዕቃው ብዛት አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ የቤተሰቡ የአንዱ ሰው ነው፣ በዚያ ዘመን ያልነበረ ነገርም የለበትም።

በዚያው በሜሪላንድ፣ ባልቲሞር በሚገኘው የሕግ ሕክምና ምርመራ ቢሮ የሚገኙት የፍራንሲስ ግሌስነር ሊ ትናንሽ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተሠሩ ናቸው። እነሱም 1 ለ12 ናቸው። መርማሪዎች የአሟሟት ሁኔታን መመልከት እንዲማሩባቸው የተሰናዱ በመሆናቸው ለልጅ የሚሆኑ አይደሉም፤ ከሠሪዋ የምንማረው ግን ብዙ ነው። ሊ የአሻንጉሊቶቹን ካልሲ በስፒል እየሠራች ታለብስ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቃዎቿ የተሠራባቸው ይመስላሉ፤ መጋረጃው ያረጀ ነው፣ ግድግዳው ጥቀርሻ አለው። አዲስ ብቻ የሆነ ቤት ሱቅ ነው የሚመስለው። በገዟቸው ዕቃዎች ላይ ያለውን የፕላስቲክ አንጸባራቂነት ደብዛዛ ቫርኒሽ በመቀባት ያጥፉት፤ እጅ በሚያርፍበት ቦታ፣ በበሩ እጀታ ዙሪያ፣ በወንበሩ ክንድ ላይ፣ በድስቱ ቂጥ ላይ ደግሞ ጥቂት የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በጣትዎ ይሹ። ጥቂት ይበቃል።

ወደ ሳሎንዎ እንምጣ። አስቀድመው ዓመት ይምረጡ። 1985 ዓ.ም. ነው እንበል። እንግዲያው ቴሌቪዥኑ ከኋላው የወፈረ ነው፣ ስልኩ ባለ ገመድ ነው፣ ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፣ ፔርሙዙ አበባ ያለበት ነው፣ የሶፋው መደገፊያና የቴሌቪዥኑ አናት ዳንቴል ለብሰዋል። ይህን ዝርዝር ከትዝታ ብቻ አይጻፉ፤ የቤተሰብዎን የፎቶግራፍ አልበም አውጥተው ከጀርባ ያለውን ሁሉ ያንብቡ፤ በፎቶው ላይ ሰዎቹን ስናይ የኖርን ሰዎች ግድግዳውን አይተነው አናውቅም። እናትዎ ወይም ታላቅ እህትዎ ካሉ ስልክ ይደውሉላቸው፤ ምንጣፉ ምን ዓይነት ነበር፣ ረከቦቱ የት ይቀመጥ ነበር ብለው ይጠይቁ። ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ከዚያ ዝርዝር ውስጥ በርካሽ የሚገኘውና እጅግ አሳማኝ የሚሆነው ወረቀት ነው። የቤተሰብዎን ፎቶግራፎች በስካነር አንሥተው ያሳንሷቸው። 10 በ15 ሴንቲሜትር የነበረው ፎቶ 8.3 በ12.5 ሚሊሜትር ይሆናል። የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ 13 ወሮቹን እንደያዘ በሁለት ተኩል በሦስት ተኩል ሴንቲሜትር ይታተማል። በስስ ወረቀት ያትሙ፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚታየውን ነጭ ጠርዝ በቀለም እርሳስ ያጥፉት፤ ይህች ትንሽ ሥራ ካልተሠራች የተለፋበት ሁሉ ይበላሻል። ዳንቴሉን በልብስ ስፌት ክርና በ0.5 ሚሊሜትር ኪሮሽ መሥራት ይቻላል፤ ትዕግሥቱ ከሌለ ከስስ የዳንቴል ጥብጣብ ላይ አንድ አበባ ብቻ ቆርጦ ማውጣት ይበቃል።

የቡናው ዕቃ ግን መሠራት አለበት። ከሀገር ቤት የሚመጡ የማስታወሻ ጀበናዎች በአብዛኛው ለዚህ ቤት ትልቅ ናቸው፤ 8 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ጀበና በ12 ሲባዛ 96 ሴንቲሜትር፣ ከቡና አፍዪዋ ወገብ የሚደርስ ይሆናል። የማስታወሻ መሶብም ቁመቱ ሊስማማ ቢችል ስፌቱ ይወፍራል።

ጀበናውን ፖሊመር ክሌይ ከሚባለው በምድጃ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጭቃ ይሥሩት። ቁመቱ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ቢሆን ልክ ነው። ጥቁሩን ብቻ አይጠቀሙ፤ ጥቂት ቡናማ ቀላቅለው ያሹት፣ የእኛ ጀበና ድፍን ጥቁር አይደለምና። ሆዱን ድቡልቡል አድርገው፣ አንገቱን በስቴኪኒ ላይ አንከባለው ይግጠሙት። እጀታውና ቡናው የሚወርድበት ቀጭኑ አፍንጫ ውስጣቸው ስስ ሽቦ ካልገባበት በመጀመሪያው ቀን ይሰበራሉ። እርስዎ ያደጉበት ቤት ጀበና አፍንጫ የሌለው፣ በአንገቱ የሚቀዳ ከነበረም እሱኑ ይሥሩ። ሲጋግሩ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሙቀት ይከተሉ፤ አብዛኞቹ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በላይ ከጋሉ ይቃጠላሉ፣ ጭሳቸውም ጎጂ ነው። ውታፉን ከገመድ ቃጫ ጠቅልለው ይሥሩ፣ ማቶቱን ከጥልፍ ክር። ቂጡ ላይ ጥቀርሻ እንዳይረሱ።

ለስኒዎቹ ጫፉ ክብ የሆነ የብረት መሣሪያ ይፈልጉ። ስታርች ነስንሰው ነጩን ጭቃ በጣም አሳስተው ጫፉ ላይ ይጫኑት፤ ከነብረቱ ይጋግሩትና ሲቀዘቅዝ አውጥተው ከንፈሩን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያሳሱት። የወርቅ ቀለበቱን በብሩሽ አይሞክሩ፤ በስቴኪኒ ጫፍ ቀለም ነክተው ስኒውን ያሽከርክሩ። ቡናው በአልትራቫዮሌት መብራት በሚደርቅ፣ ሬዚን በተባለ ፈሳሽ ፕላስቲክ ላይ ቡናማ ቀለም በመጨመር ይሠራል። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳን ያስቆጣል፤ ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ይህኛውን ሥራም ልጅዎ ሳትሆን እርስዎ ይሥሩት።

የሚቆላው ቡና ከሁሉ ይቀላል፣ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ጤፍ ይጠቀሙ። አንዲት የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነች፣ በ12 ስትባዛ ከቡና ፍሬ ጋር ትስተካከላለች። ነጭ ጤፍ ያልተቆላ ቡና፣ ቀይ ጤፍ ደግሞ የተቆላ ቡና ይሆናል፤ ማንከሽከሻው ውስጥ ሁለቱን ቀላቅለው ቢያስቀምጡ ገና በመቆላት ላይ ያለ ይመስላል። ነፍሳት እንዳይገቡበት ጤፉን ለጥቂት ቀናት ፍሪዘር ውስጥ ካቆዩ በኋላ በቫርኒሽ ያያይዙት። ከሰሉ እውነተኛ ከሰል ይሁን፣ ተሰባብሮ ደቅቆ። ለፈንዲሻው ነጭ ጭቃ ቆንጥሮ ማድረቅ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ከ2 ሚሊሜትር አይብለጥ።

ቄጤማው ላይ ብዙ ሰው ለባቡር ሞዴል የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ሣር ይነሰንሳል። እሱ በጣም አጭር ስለሆነ የታጨደ ሜዳ ይመስላል እንጂ የተጎዘጎዘ ቄጤማ አይመስልም። የቃጫ ገመድ ፈትተው፣ አረንጓዴ ነክረው፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር እየቆረጡ ይበትኑት። የዕጣኑን ጭስ ደግሞ በጥጥ ለማሳየት አይሞክሩ። ማጨሻው ውስጥ ጥቂት አመድና አንድ የዕጣን ፍርፋሪ ካለ ተመልካቹ ጭሱን በራሱ ያየዋል።

መሶቡ ጊዜ ይወስዳል። በእውነተኛው ስፌት ላይ አንዱ ዙር ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በእርስዎ መሶብ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት። በሰም የታሸ ቀጭን ክር እንደ አክርማው ውስጡን ይሁን፤ የጥልፍ ክር ስድስት ሆኖ ስለሚፈተል አንዱን ብቻ ነጥለው እየጠመጠሙበት፣ በወስፌ ፈንታ በቀጭን መርፌ ካለፈው ዙር ጋር ይያዙት። አለላው ሲያረጅ ቀለሙ ስለሚደበዝዝ፣ ካለቀ በኋላ በቀጭን ሻይ ቢያርሱት ያምራል። ለእንጀራው ስፋት 4 ሴንቲሜትር ይበቃል። ዓይኖቹን በመርፌ አይብሱ፤ የመርፌ ቀዳዳ በዚህ ልኬት ጉድጓድ ይሆናል። በጥርስ ብሩሽ ደጋግመው መታ መታ ያድርጉት።

ክፍሉ ሲሰናዳ ስልክዎን ይዘው ፎቶ ያንሡ፤ ከላይ ወደ ታች አይሁን። የአዋቂ ሰው ዓይን 1 ሜትር ከ55 ያህል ከፍታ ላይ ቢሆን፣ በትንሹ ቤት 13 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ የካሜራው ሌንስ እዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ክፍሉ ይግባ። እጅዎ የለመደው ስሕተት ሁሉ በፎቶው ላይ ይወጣል፤ የወፈረው ጠርዝ፣ ያዘነበለው ሥዕል፣ የሚያብረቀርቀው ሙጫ።

ገንዘብዎን ከሁሉ አስቀድመው በአንድ ጥሩ ወንበር ወይም ሶፋ ላይ ያውሉ። ዓይን ልኬትን የሚገምተው ሰው ከሚቀመጥበት ነገር ነው፤ እሱ ትክክል ከሆነ ሌላው በዙሪያው ይስተካከላል። ሁለተኛው ወጪ ደህና ወረንጦ፣ ስለታም ምላጭና በሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐር ይሁን። ብርጭቆና የሸክላ ሳህን ከእጅ ባለሙያ መግዛት ያዋጣል፤ ስስ ጠርዝ በቤት ውስጥ ለማውጣት ይከብዳልና። ምግብ፣ መጽሐፍ፣ ሥዕልና ጨርቅ ግን አይግዙ፣ ይሥሩ። «100 ዕቃ በአንድ ላይ» ተብሎ የሚሸጠውን ጥቅል ይተዉት፤ ልኬቱ የተደባለቀው እዚያ ውስጥ ነው። ያገለገሉ ስብስቦች ሲገዙ በተለይ አሮጌ ቀለም የተቀባ ወይም ከለስላሳ ብረት የተሠራ ዕቃ ካለ ይጠንቀቁ፤ በአሜሪካ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም በመጫወቻ ላይ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነውና፣ ከዚያ በፊት የተሠራው በልጅ እጅ አይግባ።

ስለ ትንሹ ልጅዎ ቸል አይበሉ። በአሜሪካ ደንብ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሆን መጫወቻ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ክፍል ሊኖረው አይችልም፤ እስካሁን የጠቀስኳቸው የቡና ዕቃዎች ሁሉ ይገባሉ። ስለዚህ ቤቱ ፊቱ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ተዘግቶ፣ እጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ስኒዎቹን ለዚሁ ሥራ በሚሸጠው የሚያጣብቅ ሰም በረከቦቱ ላይ ያያይዟቸው፤ ልጅዎ ስትፈልግ ይነሣሉ፣ ሳይፈለጉ ግን አይረግፉም። መብራት ካስገቡ በ12 ቮልት ትራንስፎርመር የሚሠራውን ይምረጡ። ክብ የአዝራር ባትሪ ያላቸውን ትናንሽ መብራቶች ለጊዜው ይተዉ፤ ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፣ የዋጠ ከመሰለዎትም ምልክት ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት። ቀድሞ የገዙት ካለ የባትሪው ክዳን በብሎን የሚዘጋ መሆኑን ዛሬውኑ ይመልከቱ።